ከፊደሉ ሥር

«ይህቺን አልተረትርም» አለች ሰፊዋ ጉንቮር፣ ባንዲራዋን በሁለት እጇ ጠረጴዛው ላይ ተጭና።

ካፒቴን ብሩዲን ባርኔጣውን እንኳ አላወለቀም ነበር። ጥቅሉን አስረክቦ ቶሎ ሊወጣ ነው የመጣው። የሄድስትራንድ የመርከብ ኩባንያ ተሽጧል፤ መርከቦቹ፣ ቢሮው፣ የቢሮው ወንበር፣ ባንዲራዎቹ ሳይቀሩ። የገዙት ሰዎች ደግሞ ቆጣቢዎች ናቸው። ሰማያዊው ጨርቅ ይቆይ፣ መሃሉ ላይ ያለው የሄድስትራንድ መነሻ ፊደል፣ ቀዩ «ኤች»፣ ይውጣና በቦታው ነጭ ኮከብ ይሰፋ ብለዋል።

«የመርከቦቹን ሁሉ ስትተረትሪ ከርመሽ፣ ይህቺ ምን አደረገችሽ?»

«እያወቁ አይጠይቁኝ። ኩባንያው ጣሪያ ላይ የምትሰቀለው ናት።»

መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ማይከን፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ በከንፈሮቿ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ ባንድ አወጣች። ማይከን ስፒሎቿን ካወጣች የምትለው ነገር አላት ማለት ነው፤ ለጊዜው ግን መዳፏ ላይ ደረደረቻቸው።

የጎተንበርግ ወደብ ሰፈር ሴቶች መርከብ ሲዘገይባቸው ማንንም አይጠይቁም። ከቤት ወጥተው ሽቅብ ወደ ኩባንያው ጣሪያ ያያሉ። ባንዲራው ምሰሶው ጫፍ ላይ ከሆነ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ ግን የማን ቤት እንደፈረሰ እስኪነገር ድረስ በሩ ላይ ይቆማሉ። ጉንቮርም ከዓመታት በፊት በአንድ የኅዳር ጠዋት የድንች ዘንቢሏን አንጠልጥላ ቀና ስትል፣ በዚያው ዓመት በገዛ እጇ የሰፋቻት ባንዲራ ምሰሶው ወገብ ላይ ነበረች። «ስቫላን» የምትባለው መርከብ ከነሰዎቿ ሰሜን ባሕር ላይ ሰጥማ ቀርታለች። ባሏ ሆልገር እሷ ላይ ነበር። ሬሳው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ነፋስ ጫፏን በበላው ቁጥር ባንዲራዋ ለጥገና ትመጣለች፤ ጉንቮርም ሌላ ሰው አታስነካትም።

«ለእኔ ይተዉልኝ» አለች። «ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንጋይ አቁሜለታለሁ፤ ስሙም ተቀርጿል። ሥሩ ግን ባዶ አፈር ነው። ሌላዋ ሴት ባሏ የተኛበት ሄዳ ታለቅሳለች፤ እኔ ሄጄ አረም ነቅዬ እመለሳለሁ። ይህቺን እቀብርበታለሁ።»

ካፒቴኑ አሁን ባርኔጣውን አወለቀ። «የእኔ ብትሆን ይሄኔ ይዘሻት ሄደሽ ነበር። ግን ለጣሪያው የምትበቃ ትልቅ ይህቺ ብቻ ናት። ነገ ጠዋት በማርሽ ባንድ ሊሰቅሏት ነው። ዳይሬክተሩ ከስቶክሆልም ይመጣል።»

«የስቶክሆልም ሰው ደግሞ ስለ ባሕር ምን ያውቃል?» አለች ማይከን። «እነሱ ባሕር የሚሉት የዳክዬ ኩሬ ነው።»

«ሌላ ልስፋላቸው። ሰፍቼ አድራለሁ» አለች ጉንቮር።

«በምን ጨርቅ? ሰማያዊው አልቋል፤ የሚሸምነውም ፋብሪካ ተዘግቷል። የእኔን ቀሚስ ቀደሽ ልትሰቅይላቸው ነው?» አለች ማይከን።

ጉንቮር አልሳቀችም። እጇንም ከባንዲራዋ ላይ አላነሣችም።

«ያን ቀን ገመዱን የሳብኩት እኔ ነበርኩ» አለ ካፒቴኑ፣ ባርኔጣውን እያየ።

«አይቼዎታለሁ።»

«አስሬ ዞር ስል አንቺ ከታች ቆመሻል። ዘንቢልሽ ወድቆ፣ ድንቹ መንገዱ ላይ ተበትኖ። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።»

«ድንቹ አልተበተነም» አለች ጉንቮር። «ይዤው ገባሁ። ለሁለት ሰው ቀቅዬ ብቻዬን በላሁት።»

ውጭ አንድ ጎታች ጀልባ ጡሩምባዋን ነፍታ አለፈች። ማይከን ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እሺ፣ ባንዲራዋ ተሽጣለች። ፊደሉስ?»

«እሱ ወጥቶ ይጣል ነው የተባለው።»

«ታዲያ ምን ያጨቃጭቃችኋል? በዚህ ቤት ተቆርጦ የሚጣል ጨርቅ የሰፊዋ ነው፤ ከእናቴ ጊዜ ጀምሮ። የበኩር ልጄ ሱሪው ቂጡ ላይ በዴንማርክ ባንዲራ ቁራጭ ተጥፎለት ነው ትምህርት ቤት የገባው። አባቱ ዴንማርኮችን ስለማይወድ፣ ልጁ በተቀመጠ ቁጥር ደስ ይለው ነበር።»

ካፒቴኑ ሊስቅ አለና ተወው። ወደ ጉንቮር ተመለከተ። «እውነቷን ነው» አለ። «ፊደሉን የገዛ የለም፤ እሱን ቅበሪለት።»

ጉንቮር እጇን ከባንዲራዋ ላይ አላቀቀች። ከዚያ ምላጯን አነሣች።

ክሩ የባሕር ጨው ጠጥቶ ደርቋል። ምንም ዓይነት ማዕበል እንዳይነቅለው ብላ አጥብቃ ነበር የሰፋችው፤ አሁን የገዛ እጇ አስቸገራት። ካፒቴኑ ሳይጠየቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጨርቁን ወጥሮ ያዘላት። ማይከን ስፒሎቿን ወደ አፏ መለሰች።

የመጨረሻው ስፌት ሲበጠስ ቀዩ ፊደል ከነ ሙሉ መልኩ እጇ ላይ ወደቀ። አጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሲሰፋ፣ ፊደሉ ከሁለቱም ወገን እንዲታይ ሰማያዊው ጨርቅ ከሥሩ ተቆርጦ ይወጣል፤ እሷው ነበረች የቆረጠችው። ስለዚህ በቦታው የቀረው ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ሁለት ቋሚና መሃላቸው አንድ ማገር።

«ኮከቡ ይሸፍነዋል?» አለ ካፒቴኑ።

«ይሸፍነዋል።»

ጠርዙ ተተርትሮ እንደሆነ ለማየት ባንዲራዋን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋቻት። በቀዳዳው ውስጥ ከመንገዱ ማዶ የኩባንያው ጣሪያ ታያት፤ ባዶው ምሰሶ፣ ነፋስ የሚያላጋው ገመድ። ዓይኗ ሳታዘው ወደ ምሰሶው ወገብ ሄደና እዚያው ቀረ።