አሥራ ሁለቱ ሞካሪዎች

«ማነው ያበላሸው?» አለች መኪያ ላፕቶፑን ወደ ወንድሟ አዙራ። «ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነው። ማን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።»

ከሊል የሞባይል ሱቁን ባንኮኒ መስታወት በጨርቅ ይወለውል ነበር። ላፕቶፑ ላይ ያለው የአፕ ስቶሩ ደብዳቤ እንግሊዝኛ ቢሆንም ጠዋት እህቱ እያለቀሰች ስትተረጉምለት ሰምቶታል። ስቶሩ አካውንቷን ለዘለዓለም ዘግቶታል። ሞካሪ ብላ ያቀረበቻቸው ሰዎች ሰዎች አይደሉም፤ በአንድ እጅ የተከፈቱ የውሸት ኢሜይሎች ናቸው ይላል። በስሟ ሌላ አካውንት ብትከፍት ያም ይዘጋል። አቤት ብትል፣ ያው ደብዳቤ ነጥቡ ሳይዛነፍ ተመልሶ መጣላት።

ደንቡ ጥብቅ ነው። አዲስ ሠሪ አፑን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት አሥራ ሁለት ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲሞክርለት ስቶሩ ያዛል። መኪያ ቋሚ ሥራዋን ለቃ ሁለት ዓመት የደከመችበት አፕ ከሌላ ክፍለ ሀገር ለመጣ ሐኪም ወላይትኛ የሚናገርለት ነው። ሐኪሙ በአማርኛ የተጻፈውን ጥያቄ ይነካል፤ ስልኩ ምጥ የያዛትን ሴት የት እንደሚያማት በቋንቋዋ ይጠይቃታል። የማዋለጃ ክፍሉ ዶክተር መክብብ «ስቶር ላይ ይውጣ እንጂ በማግስቱ በሁሉም ስልክ እናስጭነዋለን» ብሏት ነበር። ሞካሪዎቹንም ከሰማይ አላወረደቻቸውም፤ የወንድሟ ደንበኞች ናቸው። የሻንቶው በርበሬ ነጋዴ፣ ባጃጅ ነጂው፣ የመስጊዱ ዘበኛ፣ ሁሉም ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጣላሉ። ከዚህ ወዲያ እንዴት ሰው ይሆናሉ?

ከሊል ማን እንዳበላሸው ያውቃል። እዚህ አገር ሰው ስልክ ሲገዛ ኢሜይሉን የሚከፍትለት ሻጩ ነው። ገዢው ሲሙን ይጥላል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ይረሳል፣ ከዚያ «ተቆለፈብኝ» እያለ ይመጣል። ስለዚህ ከሊል ለሁሉም በራሱ ስልክ ቁጥር ይከፍትላቸዋል። የማረጋገጫው ኮድ ለእሱ ይመጣል፣ የሚስጥር ቁጥሩም የሁሉም አንድ ነው። ሰው ለዚህ ደግነቱ መርቆት አይጠግብም። ስቶሩ ግን አሥራ ሁለት ሰው አላየም፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ከሊልን ነው ያየው።

ሊነግራት አፉን ከፈተ። ዓይኗ ደም መስሏል። ፈራ።

«አሳየሽ ትሆናለች» አለ። «ስልኳን ላገኘችው ሁሉ ነው የምትሰጠው።»

አሳየሽ ከአሥራ ሁለቱ አንዷ፣ በሱቁ ደጃፍ አቮካዶ የምትሸጥ የወላይታ ሴት ናት። አፑ ውስጥ የሚናገረው ድምፅ የእሷ ነው፤ ገበያዋን ትታ ስንት ቀን ከጓዳ ተቀምጣ ቀድታላታለች። መኪያ ሁሌ «እቴቴ» ነበር የምትላት።

«አሳየሽ!» ብላ ጮኸች።

ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባች።

«ስልክሽን ለማን ነው የሰጠሽው?»

«እኔ? ለማንም አልሰጠሁ። ጠዋት ጠዋት እከፍታለሁ፣ ‹ሳሮ› ይለኛል። እኔም ‹ሳሮ› እለዋለሁ፣ ሰላምታ አይደለ? ድምፄ እኮ ነው፣ መኪ። ለልጆቼ አሰማለሁ፣ ይስቃሉ።»

«ለልጆችሽ! ይኸው ነዋ! አካውንቱ ሁሉ በአንድ እጅ የተከፈተ ነው ብለው ዘጉብኝ። ለዘለዓለም ነው የዘጉብኝ፣ ይገባሻል?»

«በአንድ እጅ?» አለች አሳየሽ።

ቀስ ብላ ወደ ከሊል ዞረች። የእሷን ኢሜይል የከፈተላት እሱ ነው፤ የምትቀመጥበት ደጃፍም የእሱ ነው። እንዲናገር ጠበቀችው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንዲሉ፣ ከሊል የጠራውን መስታወት እንደገና መወልወል ያዘ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «ሳላውቅ ነክቼ ይሆናል።»

መኪያ ስልኩን ከእጇ ነጠቀቻት። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ማመኔ!» አፑን ልታጠፋ ስትጫነው ጣቷ ስቶ ከፈተችው። «ሳሮ» አለ ስልኩ በአሳየሽ ድምፅ፣ በደስታ። መኪያ ከንፈሯን ነክሳ አጠፋችው። «እኔ ጋ ያለውንም ድምፅሽን አጠፋዋለሁ። ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳላይሽ።»

አሳየሽ ስልኳን ተቀበለች። አቮካዶዋን በሳፋ ሰብስባ ተሸከመችና ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ ሄደች። ከሊል ጠርቶ ሊመልሳት አሰበ፤ ግን ከጠራት እውነቱን መናገር ይኖርበት ነበርና አልጠራትም።

ወዲያው አንድ የጉኑኖ ሰው አዲስ ስልክ ሊገዛ ገባ። ከሊል ከእህቱ ፊት ሌላ የሚያየው ነገር በማግኘቱ እፎይ አለ። ስልኩን ከካርቶኑ አወጣ፣ ቋንቋውን አስተካከለ።

«ኢሜይሉንም ክፈትልኝ» አለ ሰውየው። «ሲም ገና አላወጣሁም።»

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ የከሊል ጣቶች ራሳቸው ያንኑ ቁጥር ጻፉ።

ባንኮኒው ላይ፣ ከላፕቶፑ አጠገብ፣ የገዛ ስልኩ ነዘረ።

«ስልክህ» አለች መኪያ። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ አነሳችለትና ልትሰጠው ዘረጋች። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ፣ የአዲሱ ኢሜይል መክፈቻ ኮድ ላይ አረፈ። እጇ መሐል ላይ ቀረ።

«ኮዱ ገባ?» አለ የጉኑኖው ሰው።

መኪያ ወንድሟን አየችው፤ ከዚያ ወደ ደጃፉ ዞረች። አሳየሽ የምትቀመጥበት የለስላሳ ሳጥን ባዶውን ተቀምጧል።