የነጩ ቀሚስ ጠርዝ

አባ ውሃውን መልሰው አስቀመጡት።

ልብስ ሰፊዋ የእህቷን ልጅ በካቶሊክ ቤተክርስቲያኑ የጥምቀት ገንዳ ላይ እንደያዘች ቀረች። ክንዷ ዝሏል፤ ግን ውሃው ሳይፈስ አልንቀሳቀስም ያለች ይመስል ልጁን አላነሳችውም። አባ የጠየቁት ለወጉ ነበር፤ “ከዚህ በፊት አልተጠመቀም አይደል?” ሰው ሁሉ “አልተጠመቀም” ብሎ የሚያልፈው ጥያቄ ነው፤ ታናሽ እህቷ፣ የልጁ እናት ግን፣ የጫማዋን ጫፍ እያየች፣ ተጠምቋል አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሲወለድ ትንፋሽ አልነበረውም። እናቱ ካልጋዋ ሆና፣ ሳይጠመቅ እንዳይሄድብኝ ብላ ለመነች። አዋላጇም በመድኃኒት መለኪያ ከቧንቧ ውሃ ቀድታ ራሱ ላይ አፈሰሰች። ልጁ ቆይቶ አለቀሰ። እናትየው ይህን ሁሉ እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈሰችም።

“ለእኔ እንኳ?” አለች ልብስ ሰፊዋ።

“ፈራሁ፣ እትዬ። ቀሚሱ ላይ እንደዚያ ለፍተሽ።”

ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ነጭ፣ ገና ያልተለበሰ። ልጅ ባይኖራት የክርስትና ልጅ ይኖራታል ተብሎ በቤተሰቡ ከተወሰነ ጀምሮ ሌላ ሥራ አልጨበጠችም። በመውለጃው ቀንም ከሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ገና ነው ሲሏት፣ የቀረችውን ጠርዝ ልጨርስ ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች። እሷ የመጨረሻውን ክር በጥርሷ ስትበጥስ ሌላ ሴት የክርስትና ልጇን አጥምቃላት ነበር።

ያቺ ሌላ ሴት ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ የሥራ ጫማዋን እንዳደረገች ተቀምጣለች። ለምን እንደተጠራች ልብስ ሰፊዋ እስካሁን አልገባትም ነበር። ጠዋት ቀሚሱን ልትነካ እጇን ስትዘረጋ፣ መጀመሪያ ታጠቢ ብላታለች። አዋላጅን ታጠቢ ማለት ዓሣን ዋና ማስተማር ነው፤ ሴትየዋ ግን ሄዳ ታጥባ መጣች። ያ ትሕትና አሁን ሲታሰብ ይበልጥ ያናድዳል።

“አባ፣ ጠብ ያድርጉለት እንጂ” አለች ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ትንሽ ብትጨመር ማንን ትጎዳለች?”

“ልጄ፣ አንዴ ከእናቱ ተወለደ፣ አንዴ ከውሃ። ሦስተኛ ልደት ከየት ላምጣለት?”

የልጁ አባት ሳቀ፤ ዞራ ስታየው ሳቁን ሳል አደረገው።

እሷ ግን በዋዛ የምትለቅ አልነበረችም። አዋላጇ ቃሉን አሳስታ ቢሆንስ አለች። አባ አዋላጇን ጠሯት። መጥታ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደሚነግር ሰው፣ ያለችውን ደገመችው፤ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ። እናቶች ስለሚለምኗቸው ሥራ ቦታ ያሉት አዋላጆች ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። ስም ገና ስላልነበረው “አንተ” ብቻ ብላዋለች።

“እኔ እንኳን የእናንተ ሃይማኖት ተከታይ አይደለሁም” አለች ቀጥላ። “ያበላሸሁት ነገር ካለ ይቅርታ።”

ልብስ ሰፊዋ ውስጥ ደስታ ብልጭ አለ። ቤተክርስቲያን ውስጥ የሚደሰቱት ዓይነት ደስታ አልነበረም።

“ምንም አላበላሸሽም” አሉ አባ። “ቤተክርስቲያን የምታደርገውን ላድርግ ብለሽ አፈሰስሽ። ሰጪው እግዚአብሔር ነው፤ አንቺ እጅ አዋስሽው።”

የቀረው ሥርዓት ቀጠለ። ሰይጣንን ትክዳላችሁ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ከሁሉ አስበልጣ “እክዳለሁ” አለች፤ ዓይኗ ግን አዋላጇ ላይ ነበር። ሰይጣን ተካደ። ቅናት ስሙ ስላልተጠራ ባለበት ቆየ። ልጁ ቅባት ተቀባ፣ ነጩን ቀሚስ ለበሰ፤ ልክክ አለለት። ሻማዋን ከትልቁ የትንሣኤ ሻማ ለኩሳ ያዘች። ሁሉ ነገር አምሮ ሳለ ልቧ ገንዳው ላይ፣ ያልተነካው ውሃ ዘንድ ቀረ።

ሲወጡ ሰው ሁሉ በሩ አጠገብ ካለችው ሳህን የተባረከ ውሃ በጣቱ እየነካ አማተበ። ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ጠዋት ጠዋት ጎራ ብላ የምታደርገው ነው። አዋላጇ የሥራ ተራዋ ደርሶባት ስለቸኮለች ሰው እስኪያልፍ በአንድ እግሯ ቆማ ትጠብቃለች።

“በየትኛው እጅሽ ነው?” አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ልጁን በግራ ክንዷ እንዳቀፈች።

“ምኑ?”

“ያፈሰስሽበት።”

አዋላጇ ቀኟን ዘረጋች። በመታጠብ ብዛት የተሰነጣጠቀ፣ ጥፍሩ ከሥጋው የተስተካከለ እጅ ነው። ልብስ ሰፊዋ አተኩራ አየችው። እሷ ሕፃን ሳለች ስትጠመቅ ራሷን ያራሰው እጅ የማን እንደነበር ጠይቃ አታውቅም። አሁን የምትጠይቀውም ሰው በሕይወት የለም። ያ እጅ ይህን ይመስል እንደሆነስ?

ጣቷን ሳህኑ ውስጥ ነከረች፤ ሳታማትብ፣ እናቷ እጃቸው ሳህኑ ላይ ለማይደርስ ሕፃናት ታደርግ እንደነበረው፣ እርጥቡን ጣት ወደ አዋላጇ ዘረጋችው። አዋላጇ ነካችው። ጠብታዋ ጣቷ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለች። ወዴት እንደምታደርጋት አላወቀችም፤ ግንባሯን አሰበች፣ በሩን አየች፣ መጨረሻ ላይ ቅርቧ ያገኘችው ነገር ላይ ጠረገቻት፤ የቀሚሱ ጠርዝ ላይ።

የልብስ ሰፊዋ እጅ ጠርዙን ሊሰበስብ ተነሳ፣ አየር ላይ ቆየ፣ ተመልሶ ወረደ። ውሃዋ ልጁ በተወለደበት ቀን የተሰፋውን ስፌት ይዛ፣ ከመርፌ ቀዳዳ ወደ መርፌ ቀዳዳ እያለች ስትሄድ፣ ቆማ አየቻት።