የውጭ እንግዳ ክልክል ነው

እህተማርያም ሆሳዕና ከመጣች ገና ወሯ ነው። የተማረችው ሥነ ጽሑፍ፣ ያገኘችው ሥራ የሆቴል እንግዳ መቀበል። ሰው ትኩር ብሎ ሲያያት ላብ የሚያጠምቃት፣ ባንኮኒው ሥር መጽሐፍ ደብቃ የምታነብ ልጅ ናት።

ከራሷ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ «የውጭ እንግዳ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ተለጥፏል። ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ፍሬው ግን ሕጉ በር እንዳለው ነግረዋታል። ባልና ሚስት ከሆኑ ይገባሉ። የጋብቻ ወረቀት ይዞ የሚዞር ስለሌለ ስልክ ላይ ያለ የሠርግ ፎቶ ይበቃል። ከእሷ በፊት የነበረችው ልጅ ፎቶ ሳታይ አንዲት ሴት አሳልፋ፣ እውነተኛው ባል ደርሶ ደም ሊፈስ ነበር። ልጅቷ በዚያው ተሰናበተች።

ነስሩ የሚባለው እንግዳ ትናንት ከሰዓት ነው የገባው። ትከሻው የሰፋ፣ ጺሙ ሽበት የጀመረው ሰው ነው፤ በፕላስቲክ የተጠቀለሉ ትላልቅ ሻንጣዎች ይዟል። ቤተሰቦቹ ጃጁራ እንዳሉ ሲነግራት፣ እዚህ አፍንጫው ሥር ቤት ያለው ሰው ሆቴል የሚያድረው ለምን ይሆን ብላ ገረማት። ሚስቴ ነገ ትመጣለች፣ እንዳታጉላሏት አላት። ይህን ሲል ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ሚስት የተባለችው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መጣች። ስሟ ረምላ ነው። እጇ ላይ ያለው ሂና ገና አዲስ ነው፤ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ገባ። ማኪያቶ የሚጠጡት ወንዶች አንገታቸውን አዞሩ። በዚህ ከተማ አንዲት ሴት ብቻዋን የሆቴል ደረጃ ስትወጣ ከታየች፣ ወሬዋ ቀድሟት ቤቷ ይደርሳል። ረምላም ይህን የምታውቅ ይመስላል፤ ሻርፗን እስከ አፏ ስባ የነስሩን ክፍል ጠየቀች።

ከዚያ ወደ ባንኮኒው ተጠጋች።

«እህት፣ ትናንት ሲገባ አይተሽዋል አይደል? ቁመቱ ረጅም ነው?»

እህተማርያም ቀና ብላ አየቻት። የባሏን ቁመት የምትጠይቅ ሚስት አጋጥማት አታውቅም። ፎቶ ካለ እንድታሳያት ለመነቻት። ረምላ አላመነታችም። እንዲያውም በኩራት ስልኳን ዘረጋች።

ፎቶው የሠርግ ነው፤ ድንኳን፣ አበባ፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ረምላ። አጠገቧ የቆመው ሙሽራ ግን ጺም ያላበቀለ፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት የሆነ ቀጭን ወጣት ነው።

እህተማርያም ፎቶውን ደጋግማ አየችው። ነስሩን ክፍሉ ደውላ ልትጠይቀው አሰበች፤ ግን ምን ብላ? ሴትዮዋንም ፊት ለፊት ለመጠየቅ አፏ አልታዘዘላትም። አንድ ጊዜ ብላ ወደ ጋሽ ፍሬው ሄደችና በጆሯቸው ነገረቻቸው። እሳቸው እንደ እሷ በጆሮ አይናገሩም።

«ስሚ የኔ እህት፣» አሉ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ባልሽን ቤትሽ ሄደሽ ጠብቂው። እዚህ የሰው ሚስት አናስተኛም።»

ረምላ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። የወንዶቹን ዓይን ስታይ ግን መልሳ ዘጋችው። ሂና በነካው እጇ ስልኳን ከባንኮኒው ላይ አነሳች። ከጥግ አንዱ፣ ሲመሽ ብትመጣ ማን ያያት ነበር አለና ጓደኞቹን አሳቃቸው። ወጥታ በመጀመሪያው ባጃጅ ገባች።

እህተማርያም መጽሐፏን ገለጠች። አንዱን መስመር ደጋግማ አነበበችው፤ አልገባትም። ሕጉን አስከብራለች፤ ትዳር አትርፋለች። ታዲያ እሷን ምን አሳፈራት?

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና አንድ ወጣት ገባ። ቀጭን ነው። ሰላም ሊላት ፈገግ ሲል ፍንጭቱ ታየ።

የፎቶው ሙሽራ።

እየቸኮለ ነው፤ ነስሩ የሚባል ሰው እዚህ አርፏል ወይ ብሎ ጠየቃት። እህተማርያም በሕይወቷ እንዲህ ፊት ለፊት ዋሽታ አታውቅም። የለም አለችው። አልተዋጠለትም፤ እዚሁ እንደሆነ ነግረውኛል፣ ደግመሽ አስቢ አላት። እንደዚህ የሚባል ሰው አልገባም ስትለው ድምፅዋ ተሰበረ። ጋሽ ፍሬው ካሉበት ብድግ አሉ።

ነስሩ ከደረጃው ብቅ ያለው በዚህ ጊዜ ነው። ጺሙን ተላጭቶ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ወጣቱን ሲያይ ባለበት ቆመ። ወጣቱ ወንበር ገፍትሮ ሮጠና አንገቱን በሁለት እጁ ያዘው።

እህተማርያም ዓይኗን ጨፈነች።

የጠበቀችው ጩኸት አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ ሁለቱም ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ወጣቱ የነስሩን ትከሻ ደጋግሞ ይስማል።

«ወንድሜ፣ አንተ ደቡብ አፍሪካ ሆነህ በሠርግህ ቀን በአንተ ቦታ ሙሽራ ሆኜ ቆሜልሃለሁ፤» አለው ወጣቱ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ግን ሚስትህን ራስህ ተረከባት። ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ ላየው ነው ብላ እኮ ቀድማኝ ነው የወጣችው። የት አለች?»