የረቢዓ እርምጃ

ሙዓዝ ባጃጁን ከሚስቱ ፊት አግድም አቆመና፣ "ግቢ! 'ባጃጅ እያለው ሚስቱን በእግሯ ያስኬዳል' እያሉ ይስቁብኛል" አላት።

ረቢዓ ቆመች። የመተማ ፀሐይ ገና በጠዋቱ ይፋጅ ነበር። ስኳሯ ከፍ ካለ ወዲህ የጤና ጣቢያዋ ነርስ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብላ እንድትራመድ ነግራታለች፤ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው።

"ይሳቁ! ስኳሬን የሚያወርደው እግሬ እንጂ የሰው አፍ አይደለም" አለችና ሰውነቷን የጠቀለለችበትን ቶቧን ሰብስባ ባጃጁን ዞራ አለፈች።

ወዲያው ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ባሏ ሊጎትታት የመጣ መስሏት ሳትዞር እርምጃዋን አፈጠነች።

"ኧረ ቀስ በይ!" አሉ ከረቢዓ ሱቅ አጠገብ በርበሬ የሚሸጡት እትዬ አሰፋች፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ። "እኔም እኮ ደም ግፊት አለብኝ።"

ረቢዓ እጇን ዘረጋችላቸው እንጂ ቀስ አላለችም።