ሆልድ ኦን፣ ማዳም

«ሆልድ ኦን፣ ማዳም» አለች እትዬ ሃሎ ለአምስተኛ ጊዜ፣ የሆስፒታሉን ቁጥር እንደገና እየደወለች። መስመሩ አሁንም ተይዟል።

ዝናቡ ከረፋድ ጀምሮ ጣሪያውን አልለቀቀም። የሆቴሉ እንግዶች ምሳቸውን በልተው ጋደም ብለዋል። ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ የስልክ ክፍል ውስጥ በዚህ ሰዓት ማዳመጫውን ጆሮ ላይ አድርጎ መቀመጥ ግማሽ እንቅልፍ ነው። ሽቦው እንደ ንብ ቀፎ እምም ይላል፤ ከሌላ መስመር ያመለጠ ሳቅ ይመጣል፣ ግማሽ ሰላምታ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል። የሰማችው ይሁን ያለመችው አንዳንዴ ለራሷም አይለይላትም።

በዚህ ወንበር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። ስልክ ስታነሳ በምትለው ቃል ሁሉም ሰው እትዬ ሃሎ ብሎ አስቀርቷት እውነተኛ ስሟ የሠራተኛ መዝገብ ላይ ብቻ ቀርቷል። የምታውቃቸው የእንግሊዝኛ አባባሎች ቢበዛ ሰባት ናቸው። «ሆልድ ኦን» የሁሉም ታላቅ ነው። ሥራ የጀመረች ዕለት «ይጠብቁኝ ማለት ነው» አሏት፤ እሷም ሰዉን ሁሉ ስታስጠብቅበት ኖረች።

የአስራ ሰባት ቁጥሯ እንግዳ ጠና ያለች የውጭ አገር ሴት ናት። ከትናንት ወዲያ መኪናቸው ተገልብጦ እሷ በእግር ስብራት ስትተርፍ፣ ባሏን ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ወሰዱት። ከጠዋት ጀምሮ ቀዶ ጥገና ላይ ነው። እሷን የሚወስዳት መኪና የሚመጣው ነገ ነው። እስከዚያ ያላት ይህ ሽቦ ብቻ ነው።

«የስ» አለች ሴትዮዋ። «አይ አም ሆልዲንግ ኦን።» ከዚያም ለራሷ እንደምታወራ ዝግ ብላ ጨመረች። «ኤንድ ሂ ኢዝ ሆልዲንግ ኦን።»

ሂ? እሱ? እትዬ ሃሎ ግራ ገባት።

ካፒቴን የማይቀረውን የአስር ሰዓት ሻይዋን ይዞ ብቅ ያለው ይኼኔ ነበር። የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ ነው፤ በጉብዝናው ዘመን መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሆኖ ሠርቷልና ማዕረጉን ራሱ ለራሱ ሰጥቶ ቀርቷል። ድምፅ ማስተላለፊያውን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ካፒቴን፣ በሞቴ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። የዚህች ሴትዮ ባልም ስልክ ላይ ሆኖ ይጠብቃል እንዴ? እሱም ሆልድ ኦን ነው አለችኝ።»

«ኧረ አንቺ ሴት! ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቁ ስትዪያቸው ነው የኖርሽው?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«በስልክ ሲሆንስ ልክ ነሽ። ግን ሌላም አለው። ማዕበል ሲነሳ አለቃችን ‹ሆልድ ኦን!› እያለ ያንባርቅብን ነበር። ጠብቅ አለኝ ብለሽ እጅሽን አጣጥፈሽ ብትቆሚ የዓሣ ራት ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ያዝ ማለቱ ነው። ገመድም ይሁን ብረት፣ የያዝከውን አትልቀቅ።»

«በሽተኛ ሲሆንስ? በሽተኛ ምን ይይዛል?»

ካፒቴን ሻዩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል።

«ትንፋሹን ነዋ» አለ።

እትዬ ሃሎ ወደ ማዞሪያው ዞረች። ስንቱን ሰው ሳታውቀው አትልቀቅ ብላዋለች! ልጁ የጠፋበትን አባት፣ እጮኛዋ የቀረባትን ሙሽራ፣ ምንም ሳይናገር ያለቅስ የነበረውን ያን ሰውዬ። ሁሉም ከየገመዱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው፣ በዝናቡ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዙ መሰላት።

የሆስፒታሉ መስመር ገባ።

«አቤት፣ የፅኑ ሕሙማን ክፍል።» የነርሷ ድምፅ የደከመ ነው።

«የውጭ አገሩ ታማሚ ባለቤት መስመር ላይ ናቸው፤ ሐኪሙን ላገናኛቸው?»

«ሐኪሙ ሌላ ሕመምተኛ ላይ ነው። የኔም እንግሊዝኛ እንኳን ለእንዲህ ያለ ነገር ለሰላምታም አይበቃ። አንቺው ንገሪልኝ፣ እህቴ።»

«ምን ብዬ?»

«ኦፕሬሽኑ አልቋል። ገና አልነቁም። ሁለት ጊዜ አመለጡን ብለን ነበር፤ ሰውየው ግን እንቢ አሉ፣ አልለቀቁም። የነገውን እንጃ። አሁን ግን አሉ።»

ነርሷ ዘጋች። እትዬ ሃሎ መሰኪያውን አነሳች። ሰባቱን አባባሎች አንድ በአንድ አየቻቸው። የክፍል ቁጥርዎ ስንት ነው? ደህና አደሩ? ምን ይሠሩላታል! አስራ ሰባት ቁጥር ላይ ሰካችው።

«ማዳም።»

«የስ?»

«ኦፕሬሽን ፊኒሽ። ሚስተር… ስሊፕ።»

ወዲያ ማዶ ትንፋሽ ቆመ። እትዬ ሃሎ ተኛ ያለችው ሞተ ሆኖ እንደተሰማ ገባትና ክው አለች።

«ኖ! ኖ፣ ማዳም! ሂ… ሂ ሆልድ ኦን!» ሴትዮዋ የምታያት ይመስል የስልኩን ገመድ በጭብጧ አንቃ ያዘችው። «ሆልድ ኦን፣ ማዳም! ሆልድ ኦን!»

ከዚያ እትዬ ሃሎ መጀመሪያ ዝናቡ ነው ያለችው ድምፅ መጣ። ሴትዮዋ እያለቀሰች ነበር። እያለቀሰችም ሳቀች። ቀጥላም ማውራት ጀመረች፤ ቀስ እያለች፣ ረጅም ነገር፣ ለቅርብ ሰው እንደሚወራ።

ሰው ሲያወራ ከመስመሩ መውጣት የሥራው ደንብ ነው፤ እትዬ ሃሎ አንድም ቀን አፍርሳው አታውቅም። ዛሬ ግን ከገመዱ ጫፍ ላይ ከራሷ በቀር ማንም የለም። ከወሬው መሃል «ሀውስ» የምትል ቃል ያዘች። ቆይታ ደግሞ «ዶግ»። ሌላው እንደ ውሃ አለፋት።

ጭንቅላቷን ከግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«እሺ» አለች በራሷ ቋንቋ። «እሺ፣ የኔ እናት። እሺ።»

አይታው የማታውቀው ቤት በዓይኗ መጣ። በሩ ላይ አንድ በዝናብ የበሰበሰ ውሻ ጠጉሩን ያራግፋል፤ ከውስጥ አንድ ሰው፣ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ በስሙ ይጠራዋል።