የተለመደው

ከሰመራ እስከ አዋሽ በባሏ ከባድ መኪና ስትጓዝ የመጀመሪያዋ ነበር። ለምሳ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ገብተው ከመቀመጣቸው አስተናጋጇ «ሹፌሬ፣ የተለመደውን ላምጣ?» አለችው። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ አፈጠጠችበት። ባሏ ሐኪም ቤት «ስኳርህ ከፍ ብሏል» ከተባለ ወዲህ ሁለቱም ለስላሳ እርም ብለው ተማምለዋል። መንገድ ላይ ግን ማን ያየዋል? የምትለውን ሁሉ በሆዷ አዘጋጅታ ጠበቀች።

አስተናጋጇ አንድ ጆግ ውሃና የተቆረጠ ሎሚ አስቀመጠችለት። «መኪናውን በእግሩ አስር ጊዜ ሳይዞር ምሳ አይበላም እኮ» ብላ ሳቀች። «እህቴስ፣ ምን ልታዘዝ?»

«እንደሱ» አለች ሚስቱ፣ ኮራ ብላ።

«ኧረ ለስላሳ አምጪላት» አለ ባሏ ሎሚውን እየጨመቀ። «አልጋ ስር የደበቀችውን ባዶ ጠርሙስ አይቻለሁ።»

ሚስቱ ያዘጋጀችውን ሁሉ ዋጠችው።

«ቀዝቃዛ ይሁን» አለች።