የባልዲ አፈር

ኮንሶ ላይ መሬት መቆፈር ከተከለከለ ወዲህ ለምግብ የሚሆነንን የሽፈራው ዛፍ የምናበቅለው በባልዲ ነው። የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋብን ሲል «ከሥር የአያቶቻችን አጥንት አለ» ብለን ጮኽን፤ መንግሥትም አመነን። ባቡሩን በምሰሶ ከራሳችን በላይ አሳለፈው፤ አፈሩን ደግሞ ቅርስ ነው ብሎ ዘጋብን። ዶማ ካነሳህ መሬት ውስጥ የተቀበረው የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይጮሃል።

አባቴ ትናንት ሞተ።

«እስከ መቼ ቤት ውስጥ ይተኛ?» አልኳት ኩይታን። የአጎቴ ልጅ ናት፤ የቅርስ ተቆጣጣሪም እሷው ናት።

«ኡርማሌ፣ እኔ ምን ላድርግ? ፈቃድ ጠይቄ ከለከሉኝ።»

«የድሮ አጥንት ትጠብቃላችሁ። እኛ ካልተቀበርን የዛሬ መቶ ዓመት ምን ልትጠብቁ ነው?»

ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወጥቼ ድንጋይ መካብ ጀመርኩ። እርከን ስንሠራ ወደ ላይ እንክባለን እንጂ አንቆፍርም። ጎረቤቶቼ ነገሩ ወዲያው ገባቸውና ድንጋይ ያቀብሉኝ ጀመር። አባቴን በካቡ መሃል፣ በመሬቱ ላይ አስተኛነው። መሣሪያው አልጮኸም።

አፈርስ ከየት ይምጣ? የደጄን ሽፈራው ነቀልኩና ባልዲውን ገለበጥኩበት። ጎረቤቶቼም የየደጃቸውን ባልዲ ተሸክመው መጡ። ነገ ምን እንደምንበላ ማንም አልጠየቀም። እንዲያም ሆኖ አፈሩ አልበቃም፤ እግሩ ሳይሸፈን ቀረ።

ኩይታ ብድግ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ልትከሰን መስሎኝ ነበር። ስትመለስ ልጆቿ ቅጠሉን የሚበሉትን ሽፈራው ከነባልዲው ታቅፋ መጣች።